የቅዱሳኑ ሐኪም

አባቴ የቅዱሳን ሐኪም ነበር። በስምንት ዓመቴ የማውቀው ይህንን ነው። ለጓደኞቼ ባወራላቸው ደስ ባለኝ፤ እሱ ግን «ይሄ የሁለታችን ምስጢር ነው፣ ኦዲልዬ። ሐኪም የበሽተኛውን ገመና አያወጣም» ብሎ አስምሎኝ ስለ ነበር አፌን ዘግቼ ኖርኩ። በልጅነቴ የነገርኩት ለአንዲት ሴት ብቻ ነው። ይህ ታሪክም ከእኔና ከአባቴ ይልቅ የእሷ ነው።

እናቴ ሚሬይ ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር። ክሌርሞን ከተማ ውስጥ፣ በጥቁር ድንጋይ በተሠራ ጠባብ ቤት፣ እኔና አባቴ ብቻችንን እንኖራለን። ረቡዕ ረቡዕ ትምህርት የለም። አባቴ ጠዋት ግራጫዋን ሬኖ መኪና እያስነሳ «ዶክተር፣ ዝግጁ ነሽ?» ይለኛል። ቴርሞሱን ታቅፌ እገባለሁ፤ ከዚያ ተራራ ለተራራ መዞር ነው።

በእኛ አገር በየጉብታው አናት ስምንት መቶ፣ ዘጠኝ መቶ ዓመት የቆየ ጸሎት ቤት አይጠፋም። ሰዉ ወደ ከተማ ስለ ፈለሰ አብዛኞቹ በዓመት ሁለቴ ካልሆነ ቅዳሴ አይገባባቸውም። ቁልፋቸው ግን አለ። አንዲት አሮጊት ቤት፣ ምድጃው አጠገብ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። የእኔ ሥራ በሩን ማንኳኳት ነበር። «አሮጊት ለወንድ አትከፍትም፤ ለልጅ ግን ትከፍታለች» ይላል አባቴ።

ውስጡ ሁሌም አንድ ዓይነት ሽታ አለው፤ እርጥብ ድንጋይ፣ የቀለጠ ሰም፣ አይጥ። አባቴ ደፉ ላይ ባርኔጣውን ያወልቃል። እንደ ሌሎቹ ጎብኚዎች ጣሪያውንና ዓምዱን አንጋጦ አያይም፤ በቀጥታ ወደ ቅዱሳኑ የተቀረጸ ምስል ይሄዳል። ቅዱሱ ወይም ቅድስቷ ከእንጨት የተጠረበች ከሆነች ደረቷን በጣቱ ጫፍ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ይለጥፍባታል።

«ስሚ።»

እኔም ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ከእግሯ ሥር ቢጫ ዱቄት ብን ብሎ ይወድቃል።

«ነቀዝ ነው» ይላል ራሱን እየነቀነቀ። «ሳንባዋን ጨርሶታል።»

እናቴንም የወሰዳት ሳንባዋ ነው። ሆስፒታል ገባች፤ አልጋዋ አንድ ቀን ባዶ ሆኖ ጠበቀን፤ ሐኪሞቹ «ዘግይታችሁ ነው ያመጣችኋት» አሉን። ስለዚህ ነገሩ ገባኝ። አባባ ሐኪሞቹ ቢያሳፍሩት ጊዜ ራሱ ሐኪም ሆነ። ለእናቴ ያልደረሰውን ለቅዱሳኑ ሊደርስላቸው ነው።

አሁን የማውቀው ሌላ ነው። ሥራውን የጀመረው እናቴ ከመታመሟ ሦስት ዓመት በፊት ነበር፤ ትቶት በሄደው ደብተር ውስጥ የየጸሎት ቤቱ ሥዕል ከነቀኑ ተጽፏል። እናቴም ታውቅ ነበር። አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ቆማ፣ ሳሏ እያቋረጣት፣ «አርማን፣ ያሻህን አድርግ፤ ልጅቷን ግን እዚህ ውስጥ አታስገባት» ስትለው ሰምቻለሁ። እኔ እዚያ ቀዝቃዛ ጸሎት ቤት ውስጥ አታስገባት ማለቷ ነው ብዬ፣ ከሞተች በኋላ አባባ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ሲገዛልኝ ቃሏን ያከበረ መስሎኝ ነበር።

ቬርናዴ የምትባል መንደር መጀመሪያ የሄድነው በ1973 የካቲት ላይ ነው። አሥራ አምስት የማይሞሉ ጭስ የሚወጣባቸው ቤቶች፣ ከላያቸው ጥድ፣ ከጥዱ መሐል ጸሎት ቤቱ። በሩን የከፈተችልኝ ሴት ከእኔ ብዙም አትረዝምም። የእንጨት ጫማ አድርጋለች፤ በክንዷ ሥር ዶሮ ይዛለች።

«የማን ነሽ አንቺ፣ አፍንጫሽ እንዲህ የቀላ?»

«የአባባ። አባባ ጸሎት ቤቱን መሣል ይፈልጋል።»

«መሣል! ባለፈው ዓመትም አንዱ ሠዓሊ ነኝ ብሎ መጥቶ ሲያይ የዋለው ዶሮዎቼን ነው።» አባቴን ከእግር እስከ ራሱ ለካችው። «እርስዎ ደግሞ ሥጋ የለዎትም እኮ፤ የሚያበስልልዎ ሰው የለም?»

አባቴ ሣቀ። ሲሥቅ ሰው ሁሉ ይወደዋል። ሴትየዋም፣ ማዳም ሌዮኒ ትባላለች፣ ዶሮዋን ለቀቀችና ክንድ የሚያህለውን ቁልፍ ከሚስማሩ አወረደች።

የቬርናዴ እመቤት የሚሏት የእመቤታችን የእንጨት ምስል ከመንበሩ በስተግራ በድንጋይ መስኮት ውስጥ ተቀምጣለች። ጥቁር ናት። ሕፃኑ ጭኗ ላይ ነው፤ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ያያሉ እንጂ እርስ በርስ አይተያዩም። እጆቿ ከፊቷ ይበልጣሉ። ሌሎቹን በሽተኞች አልፈራኋቸውም፤ እሷን ፈራኋት። ወደ ቀኝ ስሄድም ወደ ግራ ስሄድም ዓይኗ ከእኔ ጋር ነው።

«ሰው መጥቶልሻል» አለቻት ማዳም ሌዮኒ፣ ለጎረቤቷ እንደምትናገር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አርባ አንድ ዓመት ሆነን እኔና እሷ። ከእኔ በፊት እናቴ ነበረች ቁልፉን የያዘችው። ዝናብ ሲጠፋ በሜዳው እናዞራታለን። እኔ ካልያዝኳት እምቢ ትላለች ይላሉ፤ ትከብዳለች» አለችኝ።

ዶሮዎቹ በቅጽሩ በር ሲገቡ ልታባርር ወጣች። አባቴ ቶሎ ብሎ የእመቤቲቱን ደረት መታ መታ አደረገ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ ከታች እስከ ላይ በስንዝሩ ለካት። ሲመለስ ፊቱ ገርጥቷል።

«በጣም ታማለች?»

«በጣም።»

መኪና ውስጥ፣ «ለምን ለማዳም ሌዮኒ አልነገርናትም?» አልኩት።

«ልቧ ይሰበራላ። አላየሻትም እንዴት እንደምታናግራት? ሳታውቀው ወስደን፣ አድነን፣ ሳታውቀው ቦታዋ እንመልሳት።»

ይህን ያህል ደግ ሰው አባቴ በመሆኑ ኮራሁ።

መጋቢት ላይ ተመለስን። መንገድ ላይ ያለማመደኝ እንዳመመኝ ሆኜ ሆዴን መያዝ ነበር። «ብዙ አታልቅሺ። ብዙ ካለቀስሽ ሐኪም ይጠራሉ።»

«ሐኪሙማ አንተ ነህ!» አልኩት፤ እሱም መሪውን እየመታ ሣቀ።

ጸሎት ቤቱ ውስጥ ገና እንደ ገባን ሆዴን ያዝኩ። ማዳም ሌዮኒ አቅፋ ቁልቁል ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። አባቴ «ሥዕሌን ልጨርስ፣ ቁልፉን ይዤ እመጣለሁ» አለ። ምድጃው ፊት አስቀመጠችኝ፤ የጋለ ጡብ በጨርቅ ጠቅልላ ሆዴ ላይ አደረገችልኝ፤ የሆነ ቅጠል በማር አፈላችልኝ። ቤቱ የሽንኩርትና የጭስ ሽታ አለው።

«እናትሽ ሆድ እንደሚያምሽ ታውቃለች፣ ጫጩቴ?»

«እናቴ ሞታለች።»

ማንኪያውን አስቀመጠች። ጭንቅላቴን ወስዳ መደረቢያዋ ላይ ለጠፈችው። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ብዙ አታልቅሺ መባሌን አስታውሳለሁ፤ ግን ማቆም አልቻልኩም። እናቴ ከተቀበረች ወዲህ ማንም እንደዚያ አቅፎኝ አያውቅም ነበር። አባቴ የሚያቅፈኝ እየሣቀ ነው፤ እየሣቀ የሚያቅፍ ሰው ላይ ደግሞ ማልቀስ አይቻልም።

አባቴ ቁልፉን ይዞ ሲገባ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ቆልፌልዎታለሁ፣ ማዳም። በዚህ ብርድ እንዳይወጡ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ይቺን ልጅ ሥጋ ያብሏት፤ እርስዎም ይብሉ።» ስድስት እንቁላል በጋዜጣ ጠቅልላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቁልፉን መልሳ ሰቀለችው።

እመቤታችን የኋላ መቀመጫ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተጋድማ ነበር፤ እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ብርድ ልብሱ ተንሸራቶ ፊቷ ወጣ። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ሸፈንኳት፤ ደግሞ ወጣች። እጇን ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

«አባባ፣ ትተነፍሳለች።»

«መኪናው ነው።»

«አይደለም፣ ይሰማኛል።»

ሬዲዮውን ከፈተ። ለበሽተኛዋ ተጨንቆ መሰለኝ። እስከ ዛሬ ብቻዬን መኪና ስነዳ የኋላውን መስተዋት ወደ ጣሪያው አዙሬ ነው።

ሆስፒታሉ የቤታችን ምድር ቤት ነበር። አራት አምስት ቅዱሳን አንሶላ ለብሰው ተኝተዋል። ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳልጥል ወርጄ እመቤታችን አጠገብ ተቀመጥኩ። ስለ ማዳም ሌዮኒ አወራኋት፤ ስለ እናቴም ጠየቅኋት። አራተኛው ቀን ስወርድ አልጋዎቹ ሁሉ ባዶ ናቸው።

«ዳነች?» አልኩት አባቴን።

«ዳነች።»

«ወደ ማዳም ሌዮኒ ተመለሰች?»

ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ቀና አላለም። «ገና። ለማገገም ስዊዘርላንድ ሄዳለች። አየሩ ጥሩ ነው።»

ከነገረኝ ሁሉ ይህቺ ብቻ ለእውነት የቀረበች ነበረች።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ማዳም ሌዮኒ አንድ ቀን ትገባለች፤ ባዶውን ቦታ ታያለች። ባዶ አልጋ ማየት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የሞተች ይመስላታል። መሐላዬን ላፍርስ አላፍርስ ስል ሰነበትኩና፣ በመጨረሻ ከመሳቢያው ቴምብር ሰርቄ፣ ከደብተሬ ቅጠል ገንጥዬ ጻፍኩላት። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦

«ማዳም ሌዮኒ፣ ባዶውን ቢያዩ እንዳይደነግጡ። እመቤታችን አልሞተችም። ሳንባዋን አሟት አባባ ወስዶ አድኗታል፤ አሁን ስዊዘርላንድ ናት። ከፋሲካ በኋላ ትመጣለች። አባባ ሐኪም መሆኑን ለማንም አይንገሩ፣ ምስጢር ነው። እኔ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ሆዴ ድኗል። ኦዲል።»

ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። «አባባ፣ ተመለሰች?» እለዋለሁ፤ «በቅርቡ» ይለኛል። ልጅ ይረሳል። እኔም ረሳሁ።

በአሥራ ሦስት ዓመቴ ከአባቴ ጋር ፖስታ ቤት ተሰልፈን ሳለ ግድግዳው ላይ ወረቀት አየሁ። «የተሰረቁ ቅርሶች» ይላል። ከሥሩ ፎቶዎች ተደርድረዋል። ሦስተኛዋ እሷ ነበረች፤ ዓይኗ እኔ ላይ። «የቬርናዴ እመቤት፣ 12ኛው ምዕተ ዓመት።» አባቴ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፤ እጄን ይዞ «ሰልፉ ረዥም ነው፣ ነገ እንመጣለን» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕ አብሬው አልወጣሁም፤ እሱም ነይ አላለኝም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ሳንነጋገር ኖርን። ልደቴን አንድም ዓመት ረስቶ አያውቅም። ልጆቼን በጀርባው አዝሏል። እወደው ነበር፤ ስለምወደውም ዝም አልኩ።

በ2009 ሞተ። ምድር ቤቱን ሳጸዳ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ። ስከፍተው ጣቶች ናቸው። የእንጨት ጣቶች፣ ትንንሽ፣ ትልልቅ፣ ጥቁር፣ ወርቅ ቅብ፤ አንድ ሙሉ የሕፃን እጅ። ሲጭን ሲያወርድ የተሰበሩ መሆን አለባቸው። ለምን እንዳልጣላቸው አላውቅም። የትኛው የማን እንደሆነም አላውቅም። ክዳኑን ዘጋሁ፤ በማግሥቱ ወደ ቬርናዴ ነዳሁ።

ያንኑ በር አንኳኳሁ። አንዲት ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት እጇን በመደረቢያዋ እየጠረገች ከፈተች።

«ጸሎት ቤቱን ለማየት ከሆነ ክፍት ነው። የሚሰረቅ ነገር ስለሌለው ማንም አይቆልፈውም።»

«ማዳም ሌዮኒን ፈልጌ ነበር። ማለት... በሕይወት እንደማትኖር አውቃለሁ።»

«አክስቴ ነበረች። ፌርናንድ እባላለሁ። እርስዎስ?»

«ኦዲል።»

እጇን መጥረግ አቆመች። ትክ ብላ አየችኝ።

«ሆዷን ያመማት» አለች።

ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። እንድገባ አልጋበዘችኝም፤ ሂጂም አላለችኝም።

«ደብዳቤዬ ደርሷት ነበር?»

«ደርሷታል። አነበበችው፤ ወደ ላይ ወጥታ አየች፤ ተመልሳ ደግማ አነበበችውና እሳት ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ ለቄሱ ነገረቻቸው። ፖሊስ መጥቶ ‹በዚህ ወር ማን መጣ?› አላት። ‹ማንም› አለች። በሩ አልተሰበረ፤ ቁልፉ ያለው እሷ ዘንድ። ሌላ ማንን ይጠርጥሩ?»

«አሰሯት?»

«ሁለት ቀን ወስደው መለሷት። መንደሩ ግን አልመለሳትም።» በሩን በመዳፏ መታች፤ ከቀለሙ ሥር አሁንም የጠቆረ ነገር ይታያል። «እዚህ ላይ በሬንጅ ‹ይሁዳ› ብለው ጻፉባት። ልጆቹ ሲያልፉ ‹ሌዮኒ፣ እመቤታችን የት አደረች?› እያሉ ይዘፍኑባታል። መንደሩ የሚያስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ገብታ ስትቀመጥ ሴቶቹ ከአግዳሚው ይነሣሉ። ስለዚህ በየእሁዱ ጎረቤት መንደር ሉብሬ ድረስ አምስት ኪሎ ሜትር በእግሯ እየሄደች ታስቀድስ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት። የተቀበረችውም እዚያው ነው።»

«እርስዎ መቼ አወቁ?»

«ልትሞት ሰሞን። ተናደድኩባት። ‹አክስቴ፣ ለማታውቂያት ልጅ ብለሽ!› አልኳት። ‹እናቷን እግዜር ወሰደባት፤ አባቷን ደግሞ እኔ ልውሰድባት?› አለችኝ። ‹እንግዲያው ለመንደሩ ልንገርልሽ› ስላት አስማለችኝ። ‹ስታድግ ራሷ ትመጣለች› አለች።» ፌርናንድ ወደ ጥዱ አየች። «ስታድግ። ጠብቃሽ ነበር እኮ። በሞተች ጊዜ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ሃያ አምስት።»

ከጥዱ ዓይኗን አልነቀለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የብስኩቱን ቆርቆሮ ሰጠኋት። ከፍታ አይታ ከደነችው። «ለሚመለከተው ክፍል እንስጠው» አለች። «ከዚያ በፊት ግን ነሐሴ ላይ፣ በእመቤታችን በዓል፣ ትመጪያለሽ። ሰዎቹ በዓመት አንዴ የሚሰበሰቡት ያኔ ነው።»

መጣሁ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ነበር፤ አብዛኛው ሽማግሌ። ቅዳሴው ሲያልቅ ፌርናንድ ከበሩ ውጭ አቆመቻቸውና «ይቺ ሴት የምትነግራችሁ አላት» አለች። ነገርኳቸው። የአባቴን ስም ጠራሁ። የሆድ ሕመሙን፣ ቁልፉን፣ ደብዳቤውን፣ ፖስታ ቤት ያየሁትን ወረቀት ነገርኳቸው። ንብ ስትጮህ ይሰማል።

አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኛስ የውጭ ሰው ነው ስንል አልነበር?»

«መቼ?» አለች ፌርናንድ። «የት? እኔ ደንቆሮ ነበርኩ?»

ሴትየዋ ጫማዋን አየች። ቄሱ፣ ወጣት ናቸው፣ ነገሩን አያውቁትም፣ ለነፍሷ እንጸልይ ብለው መጽሐፋቸውን ሲገልጡ ፌርናንድ ሻሿን አሰረች።

«እዚህ አይደለም። እኔ አሁን ሉብሬ ልሄድ ነው። በእግሬ። የሚመጣ ይምጣ።»

ሄደች። መጀመሪያ ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ አንድ ሁለት እያሉ ተከተሏት፤ አሥራ አንድ ሆንን። ፀሐዩ ናላ ያዞራል፤ ጥላ የለም፤ አስፋልቱ ከጫማ ሥር ይለሰልሳል። አሮጊቶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያራግባሉ። አምስት ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ርቀት መሆኑን አላውቅም ነበር። እያንዳንዱን መታጠፊያ ሳልፍ አንዲት አጭር ሴት በእንጨት ጫማ፣ በዝናብ፣ በበረዶ፣ ከፊታችን ስትሄድ ትታየኝ ነበር፤ አሥራ ስድስት ዓመት ስንት እሁድ እንዳለው መቁጠር ጀምሬ ተውኩት።

አንድ ሰማንያ የሞላው ሽማግሌ በከዘራው እየተደገፈ ከጎኔ ይሄዳል። ባቲስት ይሉታል። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ሳያየኝ ጠየቀኝ።

«ሌዮኒ በሕይወት ሳለች ታውቂ ነበር?»

«አዎ። ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ።»

ጥቂት ሄድን። ቆመና ላቡን ጠረገ።

«ሬንጁን የቀባሁት እኔ ነኝ» አለ።

የሉብሬ ደወል ማማ ከኮረብታው ሥር ብቅ አለ፤ መንገዱ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ባቲስት ከዘራውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ክንዴን ያዘ፤ ቀስ እያልን ወረድን።